«ሰፋብን» እና «በጣም ሰፊ ነው»፦ የእንግሊዝኛን ቅጽል በልኩ ስለማጉላት



አምና ለተመራቂዎቻችን የሽኝት ፕሮግራም ስናዘጋጅ ትልቁ አዳራሽ እንዲፈቀድልን በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጻፍን። ያረቀቅነው 3 ሆነን ነው፤ ሦስታችንም በእንግሊዝኛችን የምንተማመን ነበርን። አዳራሹን አሞካሽተን ልባቸውን እናራራ ብለን «ዘ ሆል ኢዝ ቱ ቢግ ፎር አወር ፕሮግራም» የሚል ዓረፍተ ነገር አስገባን። በሐሳባችን «አዳራሹ በጣም ትልቅ ስለሆነ ሁላችንንም ይይዘናል» ማለታችን ነበር። መልሱ ሲመጣ የተፈቀደልን 80 ሰው የሚይዝ መማሪያ ክፍል ሆኖ አገኘነው። ጉዳዩን ለማስረዳት ወደ ቢሮው ስንሄድ ኃላፊው ደብዳቤያችንን አውጥተው መስመሩን በጣታቸው እያሳዩ፣ «ልጆች፣ አዳራሹ ሰፋብን ብላችሁ የጻፋችሁት እናንተው ናችሁ፤ እኛ ደግሞ የሚመጥናችሁን ሰጠናችሁ» አሉን። ትልቁ አዳራሽ በዚያን ጊዜ ለሌላ ፕሮግራም ተይዞ ነበር። ግማሾቻችሁ ኮሪደር ላይ ቆማችሁ ፕሮግራሙን የተከታተላችሁት በዚያች አንዲት «ቱ» ምክንያት ነው። እስከ ዛሬ ሳንነግራችሁ ቆይተናል፤ አፉ በሉን።

ስለዚህ የዚህ እትም የእንግሊዝኛ ዓምዳችን ቅጽልን ስለሚያጎሉና ስለሚያለዝቡ ቃላት ይሆናል። የእንግሊዝኛውን ቃል እዚህ በፊደላችን የምንጽፈው ድምፁ አብሮ እንዲያዝ ብለን ነው፤ ደብተራችሁ ላይ ስትገለብጡ በራሱ ፊደል አድርጉት።

ከስሙ እንጀምር። በትምህርት ቤት «ተውሳከ ግስ» ብለን የተማርነው የቃል ክፍል ስሙ ራሱ ትንሽ ያሳስታል። ተውሳክ ጭማሪ ማለት ነውና በግስ ላይ ብቻ የሚጨመር ይመስለናል። «ሺ ስፒክስ ፍሉወንትሊ» ሲባል «ፍሉወንትሊ» አነጋገሯን ማለትም ግሱን ይገልጻል፤ ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። እንግሊዝኛ ግን ይህንኑ የቃል ክፍል ቅጽልን ለመግለጽም ይጠቀምበታል። «ዘ ኤግዛም ኢዝ ኤክስትሪምሊ ዲፊካልት» ስንል «ኤክስትሪምሊ» የሚናገረው ስለ ፈተናው አይደለም፤ ስለ ክብደቱ መጠን ነው። ፈተናው ከባድ ነው፤ ክብደቱ ምን ያህል ነው? እጅግ። «ምን ያህል?» ብለን ጠይቀን መልስ የሚሰጠን ቃል ይህ ነው።

ቦታው ከቅጽሉ ፊት ነው። እዚህ ላይ አማርኛችን ያግዘናል፤ «በጣም ከባድ» እንላለን እንጂ «ከባድ በጣም» አንልም። በመድረሳ ዓረብኛ የቀራን ግን ልምዳችን ወደ ሌላ ሊስበን ይችላል። በዓረብኛ «ከቢሩን ጂደን» ይባላል፤ አጉሊው ከኋላ ይመጣል። ሁለቱን ቋንቋ አብራችሁ የምታጠኑ ይህችን ልዩነት ያዟት፦ ዓረብኛው ከኋላ፣ አማርኛውና እንግሊዝኛው ከፊት። ከፊት ለመምጣት እምቢ የሚል አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አለ፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

የቃሉን መጨረሻም ልብ በሉ። «ኤክስትሪም ዲፊካልት» ብለው የሚጽፉ ብዙ ወንድሞችና እህቶች አሉ። «ኤክስትሪም» ራሱ ቅጽል ስለሆነ ሌላውን ቅጽል ሊያጎላ አይችልም፤ «ሊ» ሲጨመርበት ነው አጉሊ የሚሆነው። «ቬሪ»፣ «ቱ»፣ «ሶ»፣ «ክዋይት» እና «ኢናፍ» ግን እንዳሉ ይገባሉ። በተቃራኒው «ፍሬንድሊ» እና «ላቭሊ» በ«ሊ» ቢያልቁም ቅጽሎች ናቸውና «ቬሪ ፍሬንድሊ» ማለት ትክክል ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ስህተቶች እንምጣ። ቅዳሜ ከዐስር ሰላት በኋላ በምንሰጠው ቱቶሪያል የፍሬሽማን ተማሪዎችን ጽሑፍ ስናርም በተደጋጋሚ የምናገኛቸው ስህተቶች ከአማርኛው ባሕርይ የመጡ ናቸው። አማርኛ እንግሊዝኛ በቅጽል የሚለውን ብዙ ነገር በግስ ይላል። «ፈተናው ይከብዳል»፣ «መንገዱ ይርቃል»፣ «ደክሞኛል»፣ «ይሻላል» ሁሉም ግሶች ናቸው። «በጣም» ደግሞ ግስንም ቅጽልንም ሳይመርጥ ያጎላል። «ቬሪ» ግን እንዲህ አይደለም፤ ግስን ብቻውን አያጎላም።

ከዚህ የተነሳ «ፈተናው በጣም ይከብዳል» የሚለውን ስንተረጉም «ዘ ኤግዛም ቬሪ ዲፊካልት» ብለን እናቆማለን። «ይከብዳል» በአንድ ቃል የጨረሰውን እንግሊዝኛ በሁለት ይለዋልና «ኢዝ» ትጠፋለች፤ «ዘ ኤግዛም ኢዝ ቬሪ ዲፊካልት» ነው የሚባለው። «በጣም እወደዋለሁ» የሚለውንም «አይ ቬሪ ላይክ ኢት» እንለዋለን። «ላይክ» ግስ ነው፤ ስለዚህ «አይ ላይክ ኢት ቬሪ ማች» ወይም «አይ ሪሊ ላይክ ኢት» ይሆናል። «ይሄኛው በጣም ይሻላል» ደግሞ «ዚስ ዋን ኢዝ ቬሪ ቤተር» ሲባል ይሰማል። «ቤተር» ማነጻጸሪያ ነው፤ ማነጻጸሪያን «ቬሪ» አያጎላውም። «ማች ቤተር» ወይም «ፋር ቤተር» በሉ። «ማች ኢዚየር»፣ «ማች ሞር ዲፊካልት» እያላችሁ ሌሎቹንም በዚሁ መንገድ ታስኬዷቸዋላችሁ።

አሁን አዳራሽ ወዳሳጣችን ቃል እንሂድ።

ብዙዎቻችን «ቱ» ማለት ከ«ቬሪ» አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ማጉያ ይመስለናል፤ «ቬሪ» በጣም ከሆነ «ቱ» እጅግ በጣም መሆን አለበት ብለን እናስባለን። ስለዚህ ለተጋባዥ እንግዳ «ዊ አር ቱ ሃፒ» ብለን እናመሰግናለን፤ ስለ ጓደኛችን «ሺ ኢዝ ቱ ክሌቨር» እንላለን። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ግን «ቱ»ን ሲሰማ የሚጠብቀው ችግር ነው። «ቱ» ልክ አልፏል፣ አልተመቸም፣ አልሆነም የሚል ፍርድ ይዞ ይመጣል። «ቬሪ» መጠኑን ተናግሮ ዝም ይላል፤ «ቱ» ግን ከኋላው «ስለዚህ አልቻልኩም» የሚል ነገር ያስከትላል።

ይህ ልዩነት በአማርኛ የለም ብለን ስናስተምር ቆይተን ነበር። ተሳስተን ነበር። ያረሙን እኚያ ኃላፊ ናቸው፤ «ሰፋብን ብላችሁ ጻፋችሁ» ሲሉን። አማርኛ ይህን ፍርድ በተለየ ቃል ሳይሆን በግሱ ጭራ ላይ ያስቀምጠዋል። «አዳራሹ በጣም ሰፊ ነው» ምስጋና ሊሆን ይችላል፤ «አዳራሹ ሰፋብን» ግን ቅሬታ ነው። «ዋጋው በጣም ውድ ነው» ብሎ ገንዘቡን ቆጥሮ የሚገዛ ሰው አለ፤ «ዋጋው ተወደደብኝ» ያለ ግን ዕቃውን መልሶ አስቀምጧል። «ጫማው ጠበበኝ»፣ «ንግግሩ ረዘመብኝ»፣ «ወጡ ጨው በዝቶበታል» ስንል ሁሉ «ቱ» እያልን ነው። ስለዚህ «ቬሪ» ልበል ወይስ «ቱ» ብላችሁ ስትጠራጠሩ ሐሳቡን በአማርኛ በ«ብኝ»፣ በ«ብን» ወይም በ«በት» ለማለት ሞክሩ። ከሐሳባችሁ ጋር ከገጠመ «ቱ» ነው። ካልገጠመ «ቬሪ» ይበቃችኋል። ተጋባዥ እንግዳችንን «ደስታው በዛብን» ለማለት ካልፈለግን «ዊ አር ቬሪ ሃፒ» እንበል።

አንድ ነገር እንጨምር። «ቱ» ችግሩን ብቻ ሳይሆን ችግሩ ማንን ወይም ምንን እንደከለከለ ይነግራል። ለማን እንደሆነ በ«ፎር» ይገባል፦ «ኢት ኢዝ ቱ ኤክስፔንሲቭ ፎር ሚ»፤ ተወደደብኝ። የተከለከለው ድርጊት ደግሞ በሌላኛው «ቱ» ይገባል። የረመዳን ኢፍጣር ላይ ከዘይት የወጣ ሳምቡሳ አንስታችሁ መልሳችሁ ብታስቀምጡ «ዘ ሳምቡሳ ኢዝ ቱ ሆት ቱ ኢት» ትላላችሁ፤ ከትኩሳቱ የተነሳ አይበላም። ሁለቱ «ቱ» በጆሮ አንድ ይመስላሉ፤ ሲጻፉ ግን ቅጽሉን የሚያጎላው የመጀመሪያው «ኦ» የሚባለውን ፊደል ሁለት ጊዜ ይወስዳል፣ ድርጊቱን የሚያስገባው ሁለተኛው አንድ ጊዜ ብቻ። ይህን አምታቶ መጻፍ በማመልከቻ ላይ በቶሎ ዓይን የሚገባ ግድፈት ነው። «አይበላም» የሚለው አሉታም በ«ቱ» ውስጥ ስላለ «ቱ ሆት ቱ ኖት ኢት» አይባልም።

ለነገሩ «ዩ አር ቱ ካይንድ» የሚሉ ሰዎች ትሰማላችሁ። ይህ ለተደረገ ውለታ በትሕትና የሚባል የምስጋና አባባል ነው፤ «ይህን ያህል አይገባኝም ነበር» እንደማለት ነው። እሱን እንዳለ ያዙትና ሌላ አትርቡበት።

ከፊት ለመምጣት እምቢ ያለው ቃል «ኢናፍ» ነው። ቅጽልን ሲገልጽ ከኋላ ይመጣል፦ «ኦልድ ኢናፍ»፣ «ቢግ ኢናፍ»። «ኢናፍ ቢግ» ስህተት ነው። ስምን ሲገልጽ ግን ወደ ፊት ይመለሳል፦ «ኢናፍ ቼርስ»፣ በቂ ወንበሮች። ትርጉሙ የ«ቱ» ተቃራኒ ነው ማለት ይቻላል፤ «ቱ» ልኩ ታለፈ ይላል፣ «ኢናፍ» ለተፈለገው ነገር ልኩ ደረሰ ይላል። ዘንድሮ ደብዳቤውን እንደገና ስንጽፍ «ዘ ሆል ኢዝ ቢግ ኢናፍ ፎር ስሪ ሀንድረድ ጌስትስ» አልን፤ አዳራሹ 300 እንግዳ ለመያዝ ይበቃል። ከመላካችን በፊት 4 ሰው አነበበው። አልሐምዱሊላህ፣ አዳራሹም ተፈቀደ።

እስካሁን ያየነው የምንጽፈውን ነው፤ የሚጻፍልንን በልኩ አለማንበብም ያስከፍላል። አንድ ወንድማችን የመመረቂያ ጽሑፉን ረቂቅ ለአድቫይዘሩ ሰጥቶ ሲመለስለት በ2ኛው ምዕራፍ ጎን «ኖት ቬሪ ክሊር» የሚል ማስታወሻ አገኘ። ቃል በቃል ሲፈታው «በጣም ግልጽ አይደለም» ሆነለት። እንግዲያው ግልጽ ነው፣ በጣም ባይሆንም፣ ብሎ ምዕራፉን ሳይነካው አለፈ። በመከላከያው ቀን የጥያቄው መዓት የወረደበት በዚያው ምዕራፍ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሻካራውን ነገር ለማለዘብ «ኖት ቬሪ» ይላሉ፤ መልእክቱ ግን «አይገባም፣ አስተካክል» ነው። የእኛው «እስከዚህም አይደለም» ትክክለኛ አቻው ነው። አንዲት እናት ስለ አንድ ምግብ «እስከዚህም ነው» ካሉ ማንም ተጨማሪ እንደማያወጣለት እናውቃለን። «ኖት ቬሪ ጉድ» ስትባሉም እንደዚያው ተረዱት።

ከዚህ የባሰ ተንሸራታች ቃል «ክዋይት» ነው። በብሪታንያ እንግሊዝኛ «ክዋይት ጉድ» ብዙውን ጊዜ «ደህና ነው፣ ምንም አይልም» ወደ ማለት ይጠጋል። በአሜሪካ እንግሊዝኛ ግን «በጣም ጥሩ» ወደ ማለት ያመዝናል። ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ ቅጽሉ ደረጃ የሌለው ሲሆን፣ ለምሳሌ «ክዋይት ራይት» ወይም «ክዋይት ኢምፖሲብል» ሲባል፣ በብሪታንያም ቢሆን «ፍጹም» ማለት ነው። ስለዚህ «ክዋይት ጉድ» የሚል አስተያየት ሲደርሳችሁ ሳትቸኩሉ የቀረውን አስተያየት አንብቡ። እናንተ ስትጽፉ ደግሞ ለጥርት «ቬሪ ጉድ» ወይም «ፌርሊ ጉድ» በሉ፤ የመጀመሪያው በጣም ጥሩ፣ ሁለተኛው በመጠኑ ጥሩ ነው።

«ኧ ቢት» ከ«ትንሽ» ጋር በደንብ ይግባባል። «ትንሽ ውድ ነው» ብለን ዋጋ እንደምናስቀንስ «ኢት ኢዝ ኧ ቢት ኤክስፔንሲቭ» ይባላል። ደስ ለማይል ነገር ነው የሚመቸው፦ ትንሽ ዘገየሁ፣ ትንሽ ደከመኝ። «ኧ ቢት ኢንተለጀንት» ብላችሁ ሰው ለማመስገን ብትሞክሩ ግን ስድብ ይሆናል፤ በአማርኛም «ትንሽ ብልህ ነው» ማለት ያው ነው።

ደረጃ የሌላቸውን ቅጽሎች ካነሳን፣ «ኤክሰለንት»፣ «ፐርፌክት» እና «ኢምፖሲብል» ዳር የደረሱ ቃላት ናቸው። ስለዚህ «ቬሪ ኤክሰለንት» ወይም «ቬሪ ኢምፖሲብል» ጆሮ ይቆረቁራል። እነዚህን «አብሶሉትሊ» ያጎላቸዋል። የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ግራ ከገባችሁ «ሪሊ» ከሁሉም ጋር ይስማማል፦ «ሪሊ ጉድ»፣ «ሪሊ ኤክሰለንት»። ለንግግር ምቹ ነው፤ ለጥናታዊ ጽሑፍ ግን ይቀልላል።

«ሶ» እና «ሳች» ብዙ አያስቆዩንም። ቅጽሉ ብቻውን ከሆነ «ሂ ኢዝ ሶ ካይንድ»፤ ከቅጽሉ በኋላ ስም ካለ «ሂ ኢዝ ሳች ኧ ካይንድ ቲቸር»። «ሶ ካይንድ ቲቸር» አይባልም። «ከመሆኑ የተነሳ» ለማለት «ዛት» ይከተላል፦ «ዘ ኩዌስችን ዎዝ ሶ ሎንግ ዛት ዊ ፎርጎት ዘ ቢጊኒንግ»፤ ጥያቄው ከመርዘሙ የተነሳ መጀመሪያውን ረሳነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ከየት እንዳመጣነው የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ታውቃላችሁ።

ለሲኒየሮች አንድ ነገር እንጨምር። አሳይመንቱም፣ የመመረቂያ ጽሑፉም፣ የስኮላርሺፕ ማመልከቻውም በእንግሊዝኛ ስለሆነ «ቬሪ»ን በየመስመሩ መደጋገም ጽሑፉን ያደክመዋል። እንግሊዝኛ ከእያንዳንዱ ቅጽል ጋር የለመደ አጉሊ አለው፤ ጥንድ ጥንድ አድርጎ መያዝ ይሻላል። የሠለጠነ ባለሙያ «ሃይሊ ስኪልድ» ነው፣ በየቦታው የሚገኝ ነገር «ዋይድሊ አቬይለብል»፣ ከልቡ የሚያመሰግን ሰው «ዲፕሊ ግሬትፉል»። አንዳንዶቹ ደግሞ መጠኑን ሳይሆን በየትኛው በኩል እንደሆነ ይነግሩናል፦ «ኢኮኖሚካሊ ኢምፖርታንት» ማለት በኢኮኖሚ ረገድ ጠቃሚ፣ «ስታቲስቲካሊ ሲግኒፊካንት» ማለት በስታቲስቲክስ ምርመራ የተረጋገጠ ልዩነት ነው። የመጨረሻውን ምርመራው ሳይሠራ ለማሳመር ብቻ አትጻፉት፤ ፈታኞች መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።

እስከ ቅዳሜ የሚከተሉትን ወደ እንግሊዝኛ መልሷቸው፦ ሻዩ ስኳር በዝቶበታል። ላይብረሪው በጣም ጸጥ ያለ ነው። ዶርሙ ለ6 ሰው ይጠበናል። የዘንድሮው ፈተና ከአምናው በጣም ይቀላል። ታናሽ ወንድሜ ለመጾም ገና አልደረሰም። ይህ መጽሐፍ እስከዚህም አይደለም። አምስተኛው ላይ «ቱ»ንም «ኢናፍ»ንም መጠቀም ይቻላል፤ ሁለቱንም ሞክሩት። ኢንሻአላህ ከዐስር በኋላ በተለመደው ክፍል እንገናኝና አብረን እናርማለን። ክፍሉ፣ እንደምታውቁት፣ «ቢግ ኢናፍ» ነው።